ሰላም በልና እለፍ

የአማቴን ፊት አላውቀውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን አግብቼ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ቤታቸው እየሄድኩ፣ ወተታቸውን እየጠጣሁ፣ ፊታቸው ረጅም ይሁን ክብ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። በባለቤቴ ወገኖች ደንብ የሚስት አባት ቀና ተብሎ አይታይም፤ በስምም አይጠራም። ስለዚህ ስማቸውን እዚህም አልጽፈውም፤ ወረቀት ነው ብዬ ብደፍር አንብቦ የሚነግርብኝ አይጠፋም። እኔ የማውቀው እግራቸውን ነው። ከመኪና ጎማ የተሠራ ሰንደል፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ የቀኝ እግር አውራ ጣት፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የቆየ ጠባሳ። ያንን እግር ከሺህ እግር መሀል ለይቼ አወጣዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ለሠራሁት ሥራ ትንሽ እንድታዝኑልኝ ነው።

እኔ ነገሌ ቦረና ውስጥ ሰዓት አዳሽ ነኝ። ሞባይል ከመጣ ወዲህ ሰዓት አዳሽነት በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ማየት ሆኗል። ሰው ሰዓት ጠይቆኝ ከእጄ ላይ አይቼ ልነግረው ስል፣ እሱ ከኪሱ አውጥቶ ይነግረኛል። ደንበኛ ሲጠፋ ጊዜ በኔ ውስጥ ተጠራቀመና ያገኘሁትን ሁሉ መለካት ጀመርኩ። ከሱቄ እስከ መስጊዱ በር አራት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ። ያዘዝኩት ሻይ እስኪመጣ ሰባት ደቂቃ። የባለቤቴ የኤሌማ ኩርፊያ በአማካይ አንድ ቀን ተኩል። ይህን የመጨረሻውን መለካቴን ስታውቅ ሦስት ቀን አደረገችው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ፈረንሳዊ በብስክሌት ነገሌ የገባ ዕለት ነው። አስፋልቱን ትቶ ጠጠር ጠጠሩን እየፈለገ የሚሄድ ሰው ነበር። እግሩ ጎበዝ ነው፤ ሆዱ ግን እንደ እግሩ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ሱቄ በር ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት አገኘሁትና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ፈለግሁለት። መኪናው ሰውየውን እንጂ ብስክሌቱን አልጭንም አለ። እሱም ብስክሌቱን አየ፣ ሆዱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ብስክሌቱን ከነራስ ቁሩ፣ ከነጥቁር መነጽሩ፣ ከነጎማ መለጠፊያው ሰጠኝ። ወፍራም ጎማ አለው፣ መሪው እንደ ፍየል ቀንድ ወደ ታች ታጥፏል። ከመቀመጫው ሥር ካለችው ቦርሳ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አገኘሁ።

መጽሐፏ በፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ያሉ የጠጠር መንገዶችን የምታሳይ ናት። ሣሩ አረንጓዴ፣ ቤቱ ድንጋይ፣ መንገዱ ነጭ። ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ስላጣሁ ስልኬን አስነበብኩት። ስልኬ በአማርኛ እንዲህ አለኝ፦ «ይህ ጠጠር ደግ ነው። በግራ በኩል ላሞች አሉ፤ ላሞቹ ሥራ ላይ ናቸው። በአሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር አይብ ይወስድዎታል። ለገበሬው ሰላም በልና እለፍ።» ከዚህ ውስጥ አይቡ አልገባኝም፤ የመጨረሻውን ግን በልቤ ያዝኩት። ሰላም በልና እለፍ። እንዴት ያለ የሠለጠነ አገር ነው አልኩ። ለካ እኛ አስፋልት ጎደለን እያልን ስናማርር የኖርነው ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ የሚመጣለት ጠጠር ላይ ተቀምጠን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር ኤሌማ ብትነግራችሁ ይሻላል። እኔ ግን የማስታውሰው፣ ብስክሌቱን ውጪ ማሳደር እንዳላስቻለኝ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ወፍራም ሚስማር አለ። እሱ ላይ የተሰቀሉት የኤሌማ ጮጮዎች ነበሩ፤ እናቷ ከዛፍ ሥር ቃጫ ፈትላ የሠራቻቸው፣ ለሠርጓ የሰጠቻት አምስት የወተት ዕቃዎች። እናቷ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። እኔ ያን ሁሉ አውቄ፣ ጮጮዎቹን አወረድኩና ወጥ ቤት ከከሰሉ ማዳበሪያ አጠገብ ደረደርኳቸው። ሚስማሩ ላይ ብስክሌቱን ሰቀልኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄም ሲያምር አየሁት።

ኤሌማ ከገበያ ስትመለስ አየች። አልጮኸችም። ጮጮዎቹን አንድ በአንድ ከከሰል አቧራ አራገፈች፣ በነጠላዋ ጠቀለለቻቸው፣ በከሰዓቱ አይሱዙ ወደ አባቷ አገር ሄደች። በር ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለነዚህ ቦታ ስታገኝ ና።»

ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ በሰዓቴ የተለካው ያ ነበራ። አሥር ቀን ሆነ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰው ልኬ «ምን ይሻለኛል?» ብል አማቴ ለመልእክተኛው «ራሱ ቢመጣ ምን አለበት» አሉት አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤቱ አልሆነልኝም ነበር። ማታ ማታ ምኑ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ለማን እንደምነግር ግራ ገባኝ። ኤሌማ ካልተመለሰች ያ ሁሉ ሴኮንድ ለማን ነው?

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ቢሆን ብስክሌቱን ከሚስማሩ አውርዶ ይሰጣል ወይም ይሸጣል፣ ከዚያ በአይሱዙ ሄዶ እግር ይስማል። እኔ ግን አሰብኩ። ኤሌማ የተቆጣችው የብስክሌቱ ጥቅም ስላልገባት ነው አልኩ። አባቷ ያሉበት ኤላ ዲማ ከነገሌ በመልካ ጉባ መንገድ ወጥቶ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ አይሱዙው እስኪሞላ፣ እስኪጭን፣ እስኪያራግፍ ግማሽ ቀን ይበላል። በብስክሌት በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብደርስና ሰዓቴን ባሳያት፣ «ይኸው ወዳባትሽ ቤት ያለው መንገድ በግማሽ አጠረልሽ» ብላት ምን ትላለች? በጸጸት ምትክ ማስረጃ ይዤ ልሄድ ነው ማለት ነው።

በመጽሐፏ ላይ ያሉት ሰዎች ከገላ የተጣበቀ ቁምጣ ነው የለበሱት። አማት ቤት በዚያ አይኬድም። የሠርጌን ሱሪ አደረግሁና ሰንሰለቱ እንዳይበላው እግሩን በኤሌማ የልብስ መቆንጠጫዎች ያዝኩት፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ቢጫ። ኮቴን በፌስታል ጠቅልዬ ከኋላ አሰርኩ። ራስ ቁሩን ደፋሁ፣ ጥቁር መነጽር አደረግሁ፣ ለአቧራው አፍንጫና አፌን በሻሽ ሸፈንኩ። ልክ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰዓቴን ጫን አድርጌ ተነሣሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሰላምታ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። በዚያ መንገድ ሰላምታ አንድ ቃል አይደለም። አካም፣ እንዴት ነህ? አንተ ናጋ፣ ሰላም ነህ? ቤት ናጋ? ልጆች ናጋ? ከብቱስ፣ ሣሩስ፣ ዝናቡስ፣ የውሃ ጉድጓዱስ? ይህ ሲያልቅ ኦዱ ይመጣል፣ ወሬ ማለት ነው። ከየት መጣህ፣ መንገድ ላይ ማንን አገኘህ፣ ምን አለ? የሰማኸውን ለሱ ትሰጣለህ፣ የሱን ተቀብለህ ትሄዳለህ፣ ቀጥሎ ላገኘኸው ታቀብላለህ። ለክቼዋለሁ፤ ከብት ያለው ሰው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ግመል ያለው አሥራ ስምንት። አምስት ሰው ባገኝ ማስረጃዬ ገደል ገባ። ስለዚህ በፈረንሳይ ደንብ ልሄድ ወሰንኩ።

ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ አህያ የምትነዳ ሴት «ናጋ?» አለችኝ። «ናጋ» ብዬ አለፍኩ። እንዴት ቀላል ነው አልኩ። አሥራ አራተኛው ላይ ቁልቁለት ነበረ፤ ሰንሰለቱ ሲዘፍን፣ ነፋሱ ሻሼን ሲያርገበግብ፣ ራሱን በነጭ ጨርቅ የጠመጠመ ሽማግሌ በብብቱ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ነገሌ አቅጣጫ ይመጣል። ከዘራውን አንሥቶ «አካም? ናጋ?» አለ። «ናጋ!» ብዬ እንደ ጥይት አለፍኩት። ከኋላዬ መጣራቱን አላቆመም። ስለ ከብትና ስለ ሣር እየጠየቀ ነው ብዬ ሳልዞር እጄን ከፍ አደረግሁለት። በመጽሐፏ ሥዕል ላይ ያሉትም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። በዚያች ቅጽበት ራሴን በጣም ወደድኩት።

ይህ ደስታ የቆየው ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ደጉ ጠጠር ውስጥ የግራር እሾህ ነበረበት፤ የፊቱም የኋላውም ጎማ አንድ ላይ ተነፈሱ። ወርጄ መለጠፊያውን ሳወጣ አንድ ግመል ጠባቂ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። ከሚለጠፍ ጎማ ጋር ወዴት ይሮጣል?

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ።»

«ቤት ናጋ?»

«ናጋ።»

«ነገሌ በኩል ዝናብ ጥሏል?»

«አላየሁም» አልኩ፣ ማስቲሹ እጄ ላይ እየተጣበቀ።

ወደ ሰማዩ አየ። በዚያ አገር ዝናብ መጣሉን ያላየ ሰው ወይ ታሟል ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

«መንገድ ላይ ማንን አገኘህ?»

«አንድ ሽማግሌ።»

«የማን ሰው ነው?»

«አልጠየቅኩም።»

«ናጋ ነው?»

«እኔ እንጃ። አልቆምኩም።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሣ። ዱላውን ከትከሻው አወረደ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም!»

«እሺ። ለባለቤቱ ነው የሚነገረው፤ እኔ አልጠይቅህም።»

በኋላ እንደገባኝ፣ በዚያ መንገድ ሰው ሳይጠያየቅ የሚሮጠው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ መርዶ ይዞ ከሆነ። መርዶ ነጋሪ ለቤተሰቡ ሳይደርስ ለሌላ አይተነፍስም፤ የሚያገኘውም ሰው አያስቸግረውም። ስለዚህ «ማንም አልሞተም» ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው በደንብ እየሞተ ነበር። ግመል ጠባቂው ከኔ ፈቀቅ ብሎ አንድ ትልቅ ኩይሳ ላይ ወጣ። በዚያ አካባቢ ኔትወርክ የሚገኘው ኩይሳ አናት ላይ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ኤላ ዲማ አቅጣጫ እየተመለከተ ሲናገር አየሁት፤ ስለ ግመሎቹ መሰለኝ።

አርባ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አምስት ስድስት ቆርቆሮ ቤት አለ። ባለሱቁ አደም የማውቀው ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ የግድግዳ ሰዓት አድሼለታለሁ። ቆቡን አስተካክሎ፣ በእጁ የተከፈተ ለስላሳ ይዞ፣ መንገዱ መሀል ቆሞ ጠበቀኝ። ሻሼን ስፈታ ፊቴን አየና ይበልጥ አዘነ።

«አንተ ነህ እንዴ? አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«እሺ፣ ለምኑ አንልም። ጠጣ።»

«አደም፣ ስማኝ፣ የሞተ ሰው የለም። እኔ የምቸኩለው ሰዓት ስለያዝኩ ነው።»

«ሰዓቱማ የሁላችንም ነው» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ይደርሳል።»

ሂሳብ ብሰጠው እጄን ጨብጦ መለሰልኝ። ባልሞተ ሰው ለቅሶ ለስላሳ ጠጣሁ። ስነሣ ሁለት ሴቶች ከበራቸው ላይ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲያዩኝ ነበር። የቀረውን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የረገጥኩት በትንሹ እየፈራሁ ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲህ እርግጠኛ ሲሆን እኔ ያልሰማሁት ነገር ይኖር ይሆን ማለት ጀመርኩ።

ኤላ ዲማ ስደርስ ከብቶቹ ከበረት አልወጡም። መንደሩ በሙሉ ትልቁ ግራር ሥር ቆሟል። ኤሌማ ከፊት ነበረች። እኔ ከብስክሌቱ ሳልወርድ ሮጣ መጥታ የፍየል ቀንዱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባቴስ?» አለች።

«አባትሽ ምን ሆኑ?»

«እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ትናንት ጠዋት ወዳንተ ወጥተዋል። በእግራቸው። መኪና ላይ ሰው አይጠያየቅም ብለው። መንገዱ አንድ ነው። የት አገኘሃቸው?»

ነጭ ጥምጥም። ከዘራ። የተጠቀለለ ነገር። ከብስክሌት ላይ እግር አይታይም፤ ቢታይ ኖሮ ያንን አውራ ጣት አላልፈውም ነበር።

«አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ... አንድ ሰው አይቻለሁ።»

«ደህና ናቸው?»

«ናጋ ብለውኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቁልቁለት ነበር።»

ኤሌማ እጇን ከመሪው ላይ አነሣች። ስምንት ዓመት ሳውቃት እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ቁጣ ቢሆን ለምጄዋለሁ፤ ፍርሃት ነበር። አባቷ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከኋላዬ ሲጣሩ ሰምቼ እጄን አውለብልቤላቸው ሄጃለሁ። ወድቀው ይሆን? ውሃ ፈልገው ይሆን? አላውቅም። ያገኘሁትን ኪሎ ሜትርና ሴኮንድ በሙሉ አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ደህና መሆኑን አላውቅም። አፈርኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላፈርኩም።

የመንደሩ ኩይሳ ላይ ተወጣ። ኤሌማ ነገሌ ላለችው ጎረቤታችን ለሐሊማ ደወለች። ሁላችንም ከሥር አንጋጠን የኤሌማን ፊት እናያለን። ትንሽ አዳመጠች፣ ከዚያ ኩይሳው ላይ ቁጭ አለች።

«በራችን ላይ ተቀምጠዋል» አለች ወደ ሕዝቡ። «ሐሊማ ውሃ ሰጥታቸዋለች። ቤቱ እስኪከፈት አልነሣም ይላሉ።»

ሰዉ ተነፈሰ። አንድ አዛውንት «ታዲያ የሞተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ቀስ በቀስ ሳቅ ተነሣ፣ ከብቶቹም ተለቀቁ። ኤሌማ ግን አልሳቀችም። ከኩይሳው ወርዳ ዓይኗን ጠራረገችና እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አየችው፤ አሁንም ይቆጥራል።

«ስንት ፈጀብህ?»

«አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት» አልኩ።

«አጥፋው።»

አጠፋሁት።

አባቷ ለምን እንደሄዱም ያን ጊዜ ነገረችኝ። ከአምስቱ ጮጮ ትንሿን ወተት ሞልተውባት፣ ሚስማሩን በዓይናቸው ሊያዩ ነው የሄዱት። ባዶ ከሆነ በእጃቸው ሊሰቅሏትና ልጃቸውን ሊልኩልኝ ነበር። ልታስታርቀኝ የመጣችውን ዕርቅ በቁልቁለት ፍጥነት አልፌያታለሁ ማለት ነው።

«ነገ በእግር እንሄዳለን» አለችኝ ኤሌማ። «ያለፍካቸውን በሙሉ ትጠይቃለህ። አባቴ ፊት ወሬ ሳትይዝ ብትቆም እኔ ካንተ ጋር አልገባም።»

በማግስቱ አራቱን ጮጮዎች የፍየል ቀንዱ ላይ ሰቀለቻቸው፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት። እንዲያ የሚመች መስቀያ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች፤ ስለ ብስክሌቱ የተናገረችው ብቸኛው መልካም ነገር ነው። እኔ እየገፋሁ፣ እሷ ከጎኔ እየሄደች፣ በየመንገዱ ቆምን። አደም ማንም አለመሞቱን ሲሰማ ሌላ ለስላሳ ከፈተና «ይሄ የደስታው ነው» ብሎ አስጠጣኝ፤ ያደርነውም እሱ ቤት ነው። ግመል ጠባቂው ግን ትንሽ ተቀይሞኛል፤ ለስንት መንደር በኔ የተነሣ ደውሎ ኖሯል። የሱን ግመሎች ናጋ በየስማቸው ጠየቅሁ፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ያልኳችሁ ስሕተት ነው፣ ልብ ካሉት ከዚያም ይረዝማል። ሰዓቴ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ስንት እንደሆነ አላውቅም። እግሬ ቆሳስሎ፣ ሆዴ ግን ወሬ ሞልቶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነገሌ ገባን። በራችን ላይ፣ የሐሊማ በርጩማ ሥር፣ ሁለት እግር አየሁ። የጎማ ሰንደል፣ የታጠፈ አውራ ጣት፣ ጠባሳ። ከዘራቸው በሩ ላይ በአግድም ተጋድሞ መግቢያውን ዘግቷል። ጭናቸው ላይ የተጠቀለለችው ጮጮ አለች። ቤት ጠባቂ አስመስዬአቸው ሦስት ቀን ማስቀመጤን እያሰብኩ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደገፍኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ኤሌማ በክርኗ ጎኔን ነካ አደረገችኝ። ገባኝ። አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያቋረጥኩትን ሰላምታ ነው የሚጠብቁት።

«አካም? ናጋ?» አልኩ፣ ለእግራቸው፣ ገና አሁን መንገድ ላይ እንደተገናኘን ሁሉ።

«ናጋ።»

«ቤት ናጋ? ልጆች ናጋ?»

«ናጋ። አንዷ ከባሏ ተኳርፋ እኔ ዘንድ መጥታለች እንጂ ናጋ።»

«ከብቱስ? ሣሩስ?»

«ናጋ። ወዴት ትሄዳለህ?»

«ኤላ ዲማ። ባለቤቴን ልለምን። አባቷ ተቆጥተዋል ይባላል፤ እርስዎ ሰምተዋል?»

«ተቆጥቶ ነበር» አሉ። «መንገዱ ረጅም ነው፤ ሲሄድ ሲሄድ ቀለለለት።»

«መንገድ ላይስ ማንን አገኙ?»

«አንድ ሰው ብረት ላይ ተቀምጦ አለፈኝ። ሰው የሞተበት መስሎኝ እስከዚህ ድረስ እየጸለይኩለት መጣሁ።»

«አላወቁትም?»

«ፊቱን መች አሳይቶኝ ያውቃል? ስምንት ዓመት የማየው አናቱን ነው። ያን ቀን አናቱ ላይ ቅል ደፍቷል» አሉ አማቴ። «ካለፈኝ በኋላ ሱሪው ላይ የልጄን የልብስ መቆንጠጫ አየሁና የኤሌማ ባል ብዬ ጠራሁት። እጁን አነሣልኝ።»

ከኋላዬ ኤሌማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማሁ። አማቴ ግን አልጨረሱም።

«ኦዱስ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የግመል ጠባቂው ነጯ ግመል ሴት መውለዷን፣ አደም ሁለተኛ ቆርቆሮ ቤት እየሠራ መሆኑን፣ አህያ የምትነዳው ሴት ልጇን ያቤሎ ትምህርት ቤት ማስገባቷን፣ በተልተሌ በኩል ዝናብ መጣሉን፣ በኛ በኩል ደመናው ብቻ መሆኑን። አንዱንም ሳላስቀር፣ ማን ለማን እንደነገረው ጭምር። ጥላው ከበሩ ላይ ወደ አጥሩ ተሻገረ። ሳበቃ አማቴ ጮጮዋን ለልጃቸው አቀበሉና ከዘራቸውን ከበሩ ላይ አነሡ።

«እንግዲህ ሰላም ብለሃል» አሉኝ። «እለፍ።»